ውኃ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ

በዛሬው ዓምዳችን ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርት የሚቸገሩበትን፣ በየቤታችንም የምንገለገልበትን አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እርሱም ሲፎን ነው።

ሲፎን ማለት ከበርሜል ወይም ከታንከር ውስጥ ያለን ፈሳሽ በአፉ ላይ አሻግሮ ወደታች የሚያወርድ ጎማ ነው። አዲስ ነገር አይደለም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይኖሩ የነበሩት ባኑ ሙሳ የተባሉት ሦስት ወንድማማቾች “ኪታብ አል-ሒየል” በተሰኘው መጽሐፋቸው ከገለጿቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ በሲፎን የሚሠሩ ነበሩ።

ለመሆኑ ውኃው ሽቅብ የሚወጣው እንዴት ነው? በመውጫው በኩል ያለው የውኃ ዓምድ ረዥም በመሆኑ በክብደቱ ወደታች ይወርዳል። ያን ጊዜ በጎማው ጫፍ ላይ ግፊቱ ይቀንሳል። በበርሜሉ ውኃ ላይ የተጫነው አየር ደግሞ ውኃውን ወደዚያው እየገፋ ያስገባዋል። ጎማው ከላይ ቢቀደድ አየር ስለሚገባበት ፍሰቱ ወዲያው ይቋረጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። በማጂ ወረዳ፣ በቱም ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ከተቀመጠ በርሜል ውኃ ወደ ጀሪካን ሊያወርድ ፈለገ እንበል። የጎማው ጫፍ ከውኃው ገጽ በላይ ግማሽ ሜትር፣ መውጫው ደግሞ ከውኃው ገጽ በታች 2 ሜትር ነው። ውኃው በምን ያህል ፍጥነት ይወጣል?

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ግማሹን ሜትር ይደምራሉ። ይህ ስህተት ነው። ዳንኤል በርኑሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ሁለት ነጥቦች መርጠን ኃይላቸውን እናስተያያለን። የመጀመሪያው የውኃው ገጽ፣ ሁለተኛው መውጫው ነው። በሁለቱም ላይ ያለው የአየር ግፊት እኩል ስለሆነ ይጣፋል። የሚቀረው የከፍታው ልዩነት 2 ሜትር ብቻ ነው። 2 ጊዜ 9.8 ጊዜ 2፣ 39.2 ይሆናል። የዚህ ስኩዌር ሩት በሴኮንድ 6.3 ሜትር ያህል ነው። የጎማው ውስጠኛ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሴኮንድ 2 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንም በ10 ሴኮንድ ይሞላል ማለት ነው።

ነገር ግን በሰዓት ቢለካ የ5 ሜትር ጎማ ያንኑ ጀሪካን የሚሞላው ወደ ግማሽ ደቂቃ ፈጅቶበት ነው። ሂሳቡ ዋሸን? አልዋሸንም። ውኃው ከጎማው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ የሚያጠፋውን ኃይል አላስገባንም ነበር። በርሜሉ እየጎደለ ሲሄድም ልዩነቱ ስለሚያንስ ፍሰቱ ይደክማል።

ታዲያ የጎማው ጫፍ ከፍታ ምንም ለውጥ አያመጣም? ያመጣል። ፍጥነቱን ሳይሆን ሲፎኑ መሥራት አለመሥራቱን ይወስናል። አየር ውኃን ገፍቶ ሊያቆም የሚችለው በባሕር ጠለል ላይ እስከ 10.3 ሜትር፣ በ1,500 ሜትር ከፍታ እስከ 8.6 ሜትር፣ በአዲስ አበባ ደግሞ እስከ 7.8 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የምንጭ ውኃ በቧንቧ ጉብታ አሻግሮ ለማውረድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የጉብታውን ከፍታ ይለካ። ወደዚህ ወሰን ከተጠጋ ከውኃው ውስጥ አየር እየወጣ ከላይ ይጠራቀምና ፍሰቱን ያቋርጠዋል።

ወላጆች ሆይ! ከሂሳቡ የሚበልጠውን ነገር ወደ መጨረሻ ያቆየነው እንዳይረሳ ብለን ነው። ማደያ በራቀባቸው ከተሞች ወጣቶች ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ላምባ ከበርሜል የሚቀዱት ጎማውን በአፋቸው እየሳቡ ነው። ጥቂት ጉንጭ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ክፉኛ ያቆስላል፤ ለሞትም ያደርሳል። ለነዳጅ የእጅ ፓምፕ ተጠቀሙ፤ እሳትና ሲጋራም ከአካባቢው ይራቅ። ለውኃ ከሆነ ጎማውን አስቀድሞ በውኃ ሞልቶ፣ ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣት ደፍኖ፣ አንዱን በርሜሉ ውስጥ ነክሮ ሌላውን ዝቅ አድርጎ መልቀቅ ይበቃል። አፍ ምንም ሥራ የለውም።

ነዳጅ የዋጠ ሰው ቢያጋጥማችሁ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ የመግባቱ ዕድል ይጨምራልና። ባይታመም እንኳ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ለልጆቻችንም የቤት ሥራ እንስጥ፤ መውጫው ከውኃው ገጽ በታች 1 ሜትር ብቻ ቢሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? ስኩዌር ሩቱን አትርሱ። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ፣ ኢንሻአላህ፣ ደህና ሰንብቱ።