የበሩ ሦስት ዘበኞች

«እናቴ፣ ሲያስቸግሩዎት የነበሩት የበሩ ስዊቾች ናቸው። ዳይሬክት አድርጌልዎታለሁ፤ ከእንግዲህ አያስቸግሩዎትም» አለኝ ወጣቱ ጠጋኝ። ቶሎ ስለጨረሰልኝ አመስግኜው፣ የጠየቀኝን ከፍዬ ማይክሮዌቬን ታክሲ ላይ ጭኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ የእህቴ ልጅ ወጥ ስታሞቅ ሰዓቱ ሳያልቅ በሩን ከፈተችው። ሰሃኑ መዞሩን አላቆመም። የለመድነው ጉርምርምታም እንደቀጠለ ነው። ልጅቷ ከተከፈተው በር ፊት ለፊት ጎንበስ ብላ ትመለከታለች። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ የቆየችው ለአፍታ ብቻ ነበር። እኔ ግን «ዳይሬክት» የሚለው ቃል፣ ስዊቹን ዘልሎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ማለት ነው፣ ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ስለ ማይክሮዌቭ በየቤቱ የሚወራውን ሁላችንም እንሰማለን። ምግቡን ይመርዛል፣ ጨረሩ ወጡ ውስጥ ይቀራል ይባላል። ይህ ፍርሃት ቦታውን የሳተ ነው። የማይክሮዌቭ ሞገድ ከሬዲዮና ከሞባይል ሞገድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር ከአተሞች ኤሌክትሮን የማላቀቅ አቅም የለውም። በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያንቀጠቀጠ ያሞቃል። ማሽኑ ሲጠፋ፣ አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ሞገዱም ያኔውኑ ይጠፋል። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በበሩ መስታወት ላይ በምናያቸው ጥቃቅን የብረት ቀዳዳዎች ሾልኮ መውጣት አይችልም። ደህና በሆነ ማሽን አጠገብ መቆም አያስፈራም።

ሞገዱ ከወጣ የሚጎዳው በሙቀት ነው። ምግቡን እንደሚያሞቅ ሥጋችንንም ያሞቃል። በተለይ የዓይናችን ሌንስ የደም ሥር ስለሌለው ሙቀቱን የሚወስድለት የለም፤ ብርቱ ሞገድ ከመታው የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ባጸናችው ደንብ መሠረት፣ አንድ ማይክሮዌቭ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ከአካሉ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊዋት በላይ ማሾለክ የለበትም። ግማሽ ሜትር ራቅ ስንል ደግሞ ያ መጠን ወደ መቶኛው ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በሩ በር ሆኖ ሲቀጥል ነው።

ለዚህም ነው በሩ ላይ ሦስት ዘበኞች የቆሙት። ሁለቱ ስዊቾች በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን ይቆርጣሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ሦስተኛው የሁለቱ ተቆጣጣሪ ነው። ሁለቱም ሳይቆርጡ በሩ ከተከፈተ፣ ሦስተኛው ሆን ብሎ ሾርት ፈጥሮ ፊውዙን ያቃጥለዋል። ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ እኛም «ተበላሸ» እንላለን። ያኔ ግን ፊውዙ የተቃጠለው ስለ እኛ ነው። ይህን ሳናውቅ በተቃጠለው ፊውዝ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘን ስናስነሳው፣ ስዊቾቹንም ዳይሬክት ስናደርግ፣ ዘበኞቹን አሰናብተን በሩን ብርግድ አድርገን መተኛታችን ነው።

ከሞገዱ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድል ነገር ደግሞ ከክዳኑ ሥር አለ። ትራንስፎርመሩ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 2,000 ቮልት ያህል ያሳድገዋል፤ ካፓሲተሩና ዳዮዱ ተጋግዘው ወደ 4,000 ያደርሱታል። ይህን ኃይል የነካ ሰው ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከርም አይደርስለትም፤ በትራንስፎርመሩ ማዶ የሚሆነውን አያይምና። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሩ የያዘውን ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚያፈስስ ሬዚስተር ብዙ ጊዜ በውስጡ ቢኖርም፣ እሱም ይበላሻል። ስለዚህ ሬዲዮና ቴፕ ጠግኖ የሚያውቅ አባወራ በእሑድ ከሰዓት ካቻቢቴ ይዞ ይህን ክዳን እንዳይከፍት እለምናለሁ። ሶኬት መንቀል ብቻውን አያድንም።

የጥገና ባህላችንን እወደዋለሁ። ሌላ አገር የሚጣለውን ዕቃ እኛ ዘንድ ነፍስ ይዘሩበታል፤ ብዙ ቤተሰብም በዚህ እጅ ሥራ ይኖራል። ወጣቱንም አልወቅሰውም። ስዊቾቹን ፈልጎ አጥቷቸው ይሆናል፤ እኔም ደጋግሜ ደውዬ «አልደረሰም እንዴ?» እያልኩ አጣድፌዋለሁ። እኛ ደንበኞች በዋጋና በቀን ስንከራከር ምን እንደምናስቆርጥ አናውቅም። ከአሁን በኋላ ግን የምለው አለኝ፤ «ስዊቹ እስኪገኝ ይቆይ፤ ወጥ በምድጃ እናሞቃለን።» በሩ የተወለገደ፣ ማጠፊያው የላላ፣ ከንፈሩ የተበላ ወይም የተቃጠለ ማይክሮዌቭም ሳይጠገን እንዲበራ አልፈቅድም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ!

በሳምንቱ ማሽኑን ይዤ ወደ ወጣቱ ተመለስኩ። ስለ ልጅቷ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «እናቴ፣ ሦስተኛው ስዊች ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም» አለኝ። የማውቀውን ነገርኩት፤ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። «ገንዘብዎን ልመልስልዎት» አለ እንጂ አልተከራከረም። ገንዘቡን ሳይሆን ስዊቾቹን ነው የምፈልገው አልኩት። ፈላልጎ ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት።

ልወስደው ስሄድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከተተበትና አስነሳው፤ ባዶውን መነሳት እንደሌለበት ያውቃል። ከዚያ ሳልጠይቀው በሩን ከፈተው። ጉርምርምታው ያኔውኑ ቀጥ አለ። ዘጋው፣ አስነሳው፣ ደግሞ ከፈተው። አሁንም ዝም አለ። «አሁን ይውሰዱት» አለኝ። ከጠጋኛችን ልንጠይቀው የሚገባው ዋስትና ይህ ዝምታ ነው፤ እዚያው ዓይናችን እያየ።