ዕቃው የማይችለው እስትንፋስ

ከደንቆሮ ጫካ በኩል የወረደው የነሐሴ ጉም መካነ ሰላምን ሸፍኖ የጎረቤት አጥር እንኳ በማይለይበት ማለዳ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእኅቴ ልጅ አንድ ባዶ ሃይላንድና ክንድ ተኩል የሚያህል የውኃ ቱቦ ታቅፎ መጣና ከደፉ ላይ እንደቆመ፣ «ጋሼ፣ ደረቅ በረዶ ከየት ይገኛል?» አለኝ። ነገሩን ብመረምረው፣ የባሕር ማዶ ጎልማሶች ድንች ለቱቦ እያጎረሱ በታመቀ አየር ሲወነጭፉ በስልኩ አይቶ ኖሯል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በመንፊያ መድከምን ጠልተው፣ በረዶው ራሱ ተንኖ ግፊቱን እንዲሰጣቸው ያደርጋሉ። ጎሚስታው በየማለዳው ኮምፕሬሰሩን አስነሥቶ የጭነት መኪና ጎማ ሲነፋ እየሰማ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለውን ምኞት ቢመኝ አልፈረድሁበትም።

ደረቅ በረዶ የሚባለው ከውኃ ወገን አይደለም። ከደረታችን የሚወጣው፣ በጠላ ጋን ውስጥ የሚንተከተከው፣ የአምቦን ውኃ ምላስ ላይ የሚያስቆነጥጠው ያው የተቃጠለ አየር፣ በብርቱ ተጨምቆና ቀዝቅዞ እንደ አሞሌ ጨው ሲጠጥር የሚያገኘው መልክ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በክፍት አየር ሲሞቅም ቀልጦ መፍሰስን አያውቅም፤ ከጠጣርነቱ በቀጥታ ወደ ነፋስነት ይለወጣል። አንዱ ኪሎ ሲተን ከ500 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ይወጣዋል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ በተቀመጠው በእኛ አገር ደግሞ፣ አየሩ ስስ ነውና (ንፍሮ የጣደ ሁሉ ያውቀዋል) ከዚያም ይልቅ ይሰፋል። መስፊያ ሥፍራ ከተነፈገና በቤት ሙቀት ተዘግቶ ከቆየ ግን፣ ግፊቱ የቤት መኪና ጎማ ከሚሸከመው ከ20 እጥፍ በላይ ይደርሳል። በአገራችን ክትባትና የመሰለውን ጭነት እያቀዘቀዘ በአውሮፕላን ይጓዛል እንጂ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ አንድ ሰው ሣጥን ሙሉ ጭኖ ቢልክልን እንኳ ጥቂት የማይባለውን መንገዱ ይበላዋል።

ወንጌላዊው ማቴዎስ የጻፈውን፣ አዲስ የወይን ጠጅ በአሮጌ አቁማዳ ስለማኖር የሚናገረውን ምሳሌ፣ በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ስሰማ ለነፍስ ብቻ የተነገረ ምሥጢር ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ያልበረደ ጠላ በጀሪካን ሞልታ አጥብቃ የከደነችው ዕለት፣ ጀሪካኑ እንደ ደረሰች እርጉዝ ተነፍቶ እኩለ ሌሊት ላይ እንደ ጠመንጃ ሲጮኽና ግድግዳውን አተላ በአተላ ሲያደርገው ግን፣ ምሥጢሩ ለሥጋም እንደሆነ ገባኝ።

ጀሪካን ቢያንስ አስቀድሞ ይነፋል፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ግን ሳያቃስት ይሰበራል። ቲሎሪዬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1835 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደረቅ በረዶን ለጠቢባን ካስታወቀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በፓሪስ ኤርቪ የሚባል ረዳት ጋዙን በዚያው ሰው የብረት ዕቃ ሲያዘጋጅ ዕቃው ፈንድቶ ገድሎታል።

ለዚህ ነገር ግን ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ መቅደላ ከእኛው ጋር ከበሽሎ ወንዝ ወዲህ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ፣ በመስከረም 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ መንገዱን እየቆረጡና ገደሉን እየናዱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ቁልቁለት በሰው ጉልበት አስወርደው አቀበቱንም አስወጥተው፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ንጉሡ ጽናት ነው፤ እኔ ግን አምባው ላይ ወጥቼ የመድፉን የከንፈር ውፍረት በስንዝሬ የለካሁ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ማዕድን የፈሰሰው ባሩዱ በቅጽበት የሚወልደውን ግፊት የሚችል ማኅፀን ለመሥራት እንደሆነ አሰብሁ። ሴባስቶፖል በጦርነቱ ቀን ሳይተኰስ ቀረ። በዚያው ቀን፣ ስቅለት በዋለበት በሚያዝያ 3 ግን፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ በተደረገው ጦርነት ከተተኰሱት ትልልቅ መድፎች አንዱ በማጉረስ ስሕተት እንደ ፈነዳ ይተረካል፤ ከሦስት ቀንም በኋላ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ዐረፉ።

ልጁ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ፣ «እኔ እኮ ድንች ነው የምወነጭፍ» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሐተታዬ በዝቶ ነበር። ስለዚህ አሳጥሬ ነገርሁት፦ መንፊያ የያዘ ሰው እጁን ሲያነሣ ግፊቱም ይቆማል፤ የበዛ ከመሰለውም ያስተነፍሰዋል። በረዶው ግን አንድ ጊዜ ከተከደነበት በኋላ ኃይሉን የሚወስደው ከቤቱ ሙቀት ስለሆነ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ክዳኑን ካጠበቁ ወዲያ ለመጸጸት ቢያስቡም፣ ንስሐው የሚፈጸመው ዕቃውን በእጅ ነክቶ ነውና ማንም አይደፍረውም። ቱቦውንም ቢሆን፣ ለውኃ የተሠራ ፕላስቲክ ለታመቀ አየር ዋስ አይሆንም ብዬ ወሰድሁበት፤ አኵርፎ ዝም አለ።

ኵርፊያው ስላሳዘነኝ የብስክሌት መንፊያ ተዋስን፤ ሃይላንዱን ውኃ ጥቂት አድርገንበት፣ አፉን በቡሽ ወትፈን፣ ወደ ሰማይ አቅንተን ከድንጋዮች መካከል አቆምነውና ራቅ ብለን በረጅም ጎማ ነፋንለት። ቡሹ ከአሥር ያነሰ ግፊያ ችሎ ለቀቀ፤ ጠርሙሱ የውኃ ጭራውን በጋቢዬ ላይ አርከፍክፎ ጉሙ ውስጥ ገባና ከዓይናችን ተሰወረ፤ ሁለታችንም አንጋጠን ስንጠብቅ ከጎረቤት ግቢ የዶሮ ጩኸት ተሰማ። ጥቂት ቆይታ እትዬ ጎረቤታችን ሃይላንዱን በአጥሩ ላይ አቀበለችንና፣ ዘይት የምትቀዳበት መስሏት ይሁን አላውቅም፣ «ክዳኑስ የታለ?» ብላ ጠየቀች።