አባት መብላት ሲያቅታቸው

ለሳንባ ካንሰር የጨረር ሕክምና የጀመሩ አባት ወይም እናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙም ለውጥ ላይታይባቸው ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን የቀረበላቸውን ምግብ ገፋ ማድረግ ይጀምራሉ። ሁለት ጉርሻ ቀምሰው «በቃኝ» ይላሉ፤ ውሃ ሲጎነጩ ፊታቸው ይጨማደዳል። በዚህ ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ «በሽታው ጠናባቸው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው ደግሞ «እንደምንም ይብሉ እንጂ፣ እህል ሳይቀምሱ እንዴት ይድናሉ?» እያለ ያስጨንቃቸዋል።

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ምግብ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ በደረት መሃል ያልፋል። ዕጢው ወደዚያው የተጠጋ ከሆነ ጨረሩ የቧንቧውንም የውስጥ ሽፋን ይነካዋል፤ ሽፋኑም ይቆጣል፣ ይላጣል። ለመዳን ታስቦ የሚሰጠው ሕክምና በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል ቁስሉ በየዕለቱ ይደራረባል። ኬሞቴራፒ አብሮ ሲሰጥ ይብሳል። ዕጢው ከመሃል ራቅ ያለ ወይም ሕክምናው አጭር የሆነላቸው ሰዎች ግን ይህ ሁሉ ላይደርስባቸው ይችላል።

እንግዲህ በቆሰለ ቧንቧ ላይ «አንድ ጉርሻ ብቻ፣ በሞቴ» ማለት ለታማሚው ፍቅር ሆኖ አይሰማውም። በተለይ ከገጠር መጥተው ልጅ ወይም ዘመድ ቤት ያረፉ ወላጆች ቤተኛውን ላለማስቸገር ሲሉ ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ «አላማረኝም» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ አስታማሚ «ለምን አልበሉም?» ከማለት ይልቅ «ሲውጡ የት ጋ ያምዎታል? ውሃስ ይወርዳል?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል። መልሱንም በማግስቱ ለጨረር ሲሄዱ ለባለሙያው መንገር ነው። ታማሚው በየቀኑ ሆስፒታል እየተመላለሰ ሕመሙ ሳይነገር የሚቀርበት ምክንያት የለም።

የመጀመሪያው እርዳታ ማስታገሻ ነው። ሐኪሙ የሚያዝዘው ፈሳሽ ማስታገሻ ከምግብ በፊት 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ቢወሰድ፣ ትናንት ያልወረደው ምግብ ዛሬ ሊወርድ ይችላል። ሞርፊን ሲታዘዝ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ «ሱስ ያስይዛቸዋል፣ የመጨረሻው ደረሰ ማለት ነው» ይላል። በሐኪም ክትትል ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ግን ታማሚው እንዲበላና እንዲተኛ የሚያስችል መድኃኒት ነው። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ለእርሱም አብሮ መድኃኒት ማስጻፍ ይገባል። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መስጠት ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በአፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን ከታየም ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ማሳየት ነው፤ መድኃኒት አለው።

ወደ ማጀት ስንገባ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ሎሚና ቲማቲም፣ ቆሎና ደረቅ ዳቦ፣ የሚፋጅ ቡናና ሻይ፣ አልኮልም ለጊዜው ይቀመጡ። ሲጋራማ ጭራሽ አይታሰብም። «ደረት ያጸዳል» ተብሎ የሚሰጠው ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የቆሰለውን ቧንቧ ይለበልበዋል። እንጀራ ኮምጣጣ በመሆኑ አንዳንዱን ያቃጥላል፤ ሌላው ግን በአልጫ ርሶ ሲለሰልስ ይወርድለታል። ቀጠን ያለ አልጫ ሽሮ፣ ተፈጭቶ የላመ ክክ አልጫ፣ የተፈጨ ድንች በወተት፣ በደንብ የበሰለ ግን ያልደረቀ እንቁላል፣ አቮካዶ ከወተት ጋር፣ ሙዝ፣ ተጣርቶ የቀረበ ተልባ አብዛኛው ሰው የሚችላቸው ናቸው። ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ይሻላል።

የአጃ አጥሚት እዚህ ላይ የተለየ ምስጋና ይገባዋል። በውሃ ምትክ በወተት ተሠርቶ አንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም የላመ የለውዝ ቅቤ ሲጨመርበት፣ ውድ ዱቄት መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ጥሩ ምትክ ነው። በአንጻሩ «ኃይል ይሰጣል» የሚባለው መረቅ ብቻውን ከሆነ አብዛኛው ውሃ ነው፤ እንቁላል ይመታበት ወይም የተፈጨ ሥጋ ይግባበት። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት፣ በተለይ ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ሰው፣ ኢንፌክሽን ሊያመጡ ስለሚችሉ አይመከሩም። የስኳር ሕመም ያለባቸው ደግሞ ማርና ስኳር ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ሦስት ጊዜ ሙሉ ሳህን ከማቅረብ በየሁለት ሰዓቱ ግማሽ ስኒ ማቅረብ ይቀላል። ታማሚው ቀና ብሎ ይብላ፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ። ጠያቂ የሚያመጣው ዶሮ ወጥ ለጠያቂውና ለቤተሰቡ ይሁን!

ከጾም ጋር የሚያያዝ ጭንቀትም አለ። የኦርቶዶክስ ታማሚ የንስሐ አባቱን ቢያማክር ሕመምተኛ ከጾም የሚታገድ መሆኑን ይነግሩታል፤ በእስልምናም የታመመ ሰው በረመዳን እንዳይጾም ተፈቅዶለታል። ወላጅ ከልጁ ይልቅ የሃይማኖት አባቱን ይሰማልና አስቀድሞ ማነጋገሩ ጠቃሚ ነው።

በአንዳንድ ቤት ደግሞ «ጨረሩ ይተላለፋል» በሚል ፍራቻ የታማሚው ሳህንና ብርጭቆ ይለያል። ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ልጅም ነፍሰ ጡርም አብሯቸው ቢበላ አንዳች ጉዳት የለውም። ብቻቸውን ጥግ ላይ የተቀመጡ አባት የምግብ ፍላጎታቸው ይበልጥ መዘጋቱ የማይቀር ነው።

በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ሚዛን መመዘንና ቁጥሩን መጻፍ ይገባል። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ጨረሩ የታቀደለትን ቦታ በትክክል እንዲመታ የተደረገው ልኬት ሊዛባ ስለሚችል ባለሙያዎቹ ማወቅ አለባቸው። መዋጥ ጨርሶ ካልተቻለ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ መመገብ ይቻላል። ብዙዎች ይህን እንደ መሸነፍ ያዩታል። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ብቻ የሚቆይ መሻገሪያ ሊሆን እንደሚችል ግን ሐኪሙን ጠይቀው ይረዱ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ፦ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አለመውረድ፣ የሽንት መጥቆርና ማነስ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ በጠጡ ቁጥር ትን ማለትና መሳል፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ፣ የትንፋሽ ማጠር መባባስ። በእነዚህ ጊዜያት ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ቢጀመርም፣ አብዛኛው ታማሚ ከሩቅ ይመጣል፤ የመጨረሻውን ጨረር በወሰደ ማግስትም ወደ ቀዬው ለመመለስ ይቸኩላል። የመዋጥ ሕመሙ ግን ሕክምናው ካለቀ በኋላም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ሊበረታ፣ ከዚያም በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ሳይነገራቸው የሚሄዱ ቤተሰቦች «ሕክምናው አልሠራም» ብለው ይደመድማሉ። ስለዚህ አውቶቡስ ከመሳፈር በፊት ለእነዚያ ሳምንታት የሚበቃ ማስታገሻ መያዝ፣ የሚደወልበትን ስልክ ማስጻፍና በአቅራቢያ ላለው ሆስፒታል የሚሰጥ የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል።