የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ዕዳ በሦስተኛው ልጅ ሲጠየቅ

ከአገር ቤት ተደውሎ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» ሲባል እልል እንላለን፣ ገንዘብ እንልካለን። «ለምን በኦፕራሲዮን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ጥያቄው ነውር ይመስላል። እኔ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። የዚያ ቀን ውሳኔ መዘዙ ካለው የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እርግዝና ነውና።

ሐኪም አይደለሁም፤ ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሙያ «የቴክኒክ ዕዳ» የምንለው ነገር አለ። ዛሬ ሥራውን ለመጨረስ የተወሰደ አቋራጭ ነገ ወለዱን ይዞ ይመጣል። ዕዳ መበደር አንዳንዴ ግድ ነው። ችግሩ ዕዳው ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። ሐኪሞች ፕላሴንታ አክሬታ የሚሉት ብርቅ የእርግዝና ችግር ይህንኑ ያስታውሰኛል።

በደህናው ጊዜ ሕፃኑ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ተላቆ ይወጣል። ማህፀኑ ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና ተከፍቶ ጠባሳ ካለው፣ የእንግዴ ልጁም እዚያው ጠባሳ ላይ ካረፈ፣ ወደ ውስጥ ሰርጎ ሊጣበቅ ይችላል። ሲብስ ማህፀኑን አልፎ እስከ ሽንት ፊኛ ይደርሳል። እንዲህ የተጣበቀውን ጎትቶ ለማውጣት ሲሞከር በሊትር የሚቆጠር ደም በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ቁጥሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ፣ 30 ሺህ ገደማ እናቶችን ያካተተ ጥናት አለ። የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ከተቀመጠባቸው እናቶች መካከል፣ የመጀመሪያ ኦፕራሲዮናቸውን ካደረጉት ችግሩ የተገኘው በ3 በመቶው ነበር። በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው 61 በመቶ ደርሷል። የእንግዴ ልጁ በሩ ላይ ካልሆነ ግን እስከ አምስተኛው ኦፕራሲዮን ድረስ ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁሉ ትፍራ ማለቴ አይደለም። አደጋው የሚከማችበት ቦታ ይታወቃል፣ ሊፈለግም ይችላል ነው የምለው።

ፍለጋውም የሚጀምረው በሁለት ጥያቄ ነው። ከዚህ በፊት ማህፀንሽ ተቀዶ ያውቃል? የእንግዴ ልጁ አሁን የት ነው ያለው? በእርግዝናው አጋማሽ የሚታይ አልትራሳውንድ፣ ጠባሳ መኖሩን በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ምልክቱን ይይዛል። ከታወቀ በኋላ ወሊዱ በቀጠሮ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከ34 እስከ 36 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ደም ተዘጋጅቶ፣ የማደንዘዣና የሽንት ፊኛ ሐኪሞች ባሉበት፣ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን የሚታከምበት ክፍል ባለው ትልቅ ሆስፒታል ይከናወናል። ሕፃኑ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁ ሳይነካ፣ ብዙ ጊዜ ማህፀኑ አብሮ ይወጣል። ከባድ ነው፤ እናትየው ግን የመትረፍ ሰፊ ዕድል አላት። ካልታወቀስ? ሌሊት፣ በትንሽ ክሊኒክ፣ ደም በሌለበት ይደርሳል። ሁለቱን እናቶች የለያቸው በሽታው ሳይሆን መረጃው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሁለት ፊት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንዳለው ደግሞ በሕዝብ ደረጃ መጠኑ ከ10 በመቶ ካለፈ በኋላ የእናቶችና የሕፃናት ሞት ሲቀንስ አይታይም። ገጠር ያለችው እናት ኦፕራሲዮን በማጣት ትሞታለች፣ ለፊስቱላ ትዳረጋለች። የከተማዋ ደግሞ ሳያስፈልጋት ልትቀደድ ትችላለች። የአዲስ አበባው ሁሉ ትርፍ ነው አልልም፤ ከሌላ ቦታ ሪፈር ተጽፎላት የምትመጣም አለች። ግን «በኦፕራሲዮን መውለድ ዘመናዊነት ነው» የሚለውን ወሬ፣ ብር እየላክን ያገዝነው እኛም አለንበት።

በውጭ ለምንኖረው ሌላም ጣጣ አለ። የመጀመሪያው ልጅ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ዱባይ፣ ሦስተኛው ሜሪላንድ የሚወለድበት ዘመን ነው። እናትየው ሦስት አገር ስትዞር ፋይሏ የትም አይንቀሳቀስም። የአንድ ወዳጄ ባለቤት እዚህ ስታረግዝ ሐኪሟ የቀድሞው ኦፕራሲዮን የማህፀኑ ቀዳድ አግድም ይሁን ቁልቁል ጠየቃት። ከላይ የሚታየው የሆድ ጠባሳ ይህን አይናገርም። አገር ቤት ተደወለ፤ መልሱ «ፋይሉ ጠፍቷል» ሆነ።

አንዳንዶች «ይሄ ሐኪም መጠራጠር ነው» ይሉኛል። አይደለም። ጥሩ ሐኪም ምክንያቱን ለመናገር አይቸገርም። «ብርቅ ነገር ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» ለሚሉኝም፣ ብርቅ ነገር ሳይታሰብ ሲመጣ ነው የሚገድለው እላለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ። አስቸኳይ ካልሆነ «ለምን በኦፕራሲዮን?» እንበል። ከሆስፒታል ሳይወጣ የኦፕራሲዮኑን ማጠቃለያ ወረቀት እንጠይቅ፤ ምክንያቱ፣ የማህፀኑ ቀዳድ ዓይነት፣ የፈሰሰው ደም መጠን ይጻፍበት፣ ፎቶው ስልክ ላይ ይቀመጥ። በሚቀጥለው እርግዝና ደግሞ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ባለሙያ ዘንድ ቀርበን «ጠባሳ አለ፣ የእንግዴ ልጁ ከጠባሳው አንጻር የት ነው?» እንበል።

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ቃል። ለአገር ቤት ሆስፒታሎች ትልልቅ ሲስተም ለመሥራት የምናልም ብዙ ነን። ከዚያ በፊት አንዲት እናት በእጇ ይዛ ድንበር የምትሻገርበት አንድ ገጽ ወረቀት እንሥራ። ሰርቨር አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ይነበባል።

ቸር ይግጠመን።