አስፋልታችንን የሚገድለው ሰኔ 30 ነው

ወገን፣ ሰኔ ገባ። ዳሞታ ደመናውን ተከናንቧል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አይቀርም። እንግዲህ በየከተሞቻችን የምናውቀው ትርኢት ሊጀመር ነው። በጋውን ሙሉ ድምፁ የጠፋ ኮንትራክተር ድንገት ይነቃል። ገልባጭ መኪናው ይመጣል፣ ሮለሩ ይነሳል፤ ከላይ ካፊያ፣ ከታች እርጥብ ቤዝ፣ መሃል ላይ ጭሱ የሚትጎለጎል አስፋልት። በማግስቱ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣና "እንኳን ደስ አላችሁ" እንባባላለን።

ይሄ ልማት አይደለም። ብር ዝናብ ላይ መድፋት ነው።

ይህን ስትል የሚመለስልህ መልስ አንድ ነው፤ "አስፋልት በብርድ አይነጠፍም የሚባለው በረዶ ላለበት አገር ነው፣ እኛ ጋ ምን ብርድ አለ?" እሺ፣ ግማሹ እውነት ነው። በብዙ አገር ስስ አስፋልት የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን አይነጠፍም። ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም በቀን እዚያ ድረስ አትቀዘቅዝም። ግን አስፋልቱን ምን ያህል አየር እንዳቀዘቀዘው ብቻ ሳይሆን ውሃ ምን እንዳደረገውም መጠየቅ አለብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኩስ አስፋልት ከፕላንቱ ሲወጣ 150 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ሮለሩ ጠቅጥቆ መጨረስ ያለበት ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሳይወርድ ነው። ከዚያ በታች ሬንጁ ይደርቃል፤ ሮለሩ ቀኑን ሙሉ ቢመላለስ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ያለህ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ውፍረቱን በግማሽ ከቀነስከው ጊዜው ከግማሽም በታች ይወርዳል። ሸራ ሳይለብስ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ከሆነ ደግሞ ገና ሳይፈስ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል።

አሁን ዝናብ ጨምርበት። "ውሃው በሙቀቱ ይተናል" ይላሉ። አዎ ይተናል፣ ግን በነፃ አይተንም! አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። እሱን ለማትነን የሚሄደው ሙቀት 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን አስፋልት ከ20 ዲግሪ በላይ ያቀዘቅዘዋል። 1 ሚሊ ሜትር ብቻ! የሰኔ ዝናብ ስንት እንደሚጥል ለወላይታ ሰው አይነገርም። አየሩ ባይበርድም አስፋልቱ በረደው ማለት ነው።

ከዚያ ምን ይሆናል? በደንብ ያልተጠቀጠቀ አስፋልት ውስጡ ባዶ ክፍተት ይበዛበታል። ክፍተቱ ከ8 በመቶ ሲያልፍ ውሃ ያሳልፋል። መሐንዲሶች የሚያውቁት ግምት አለ፤ ከ7 በመቶ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ክፍተት የመንገዱ ዕድሜ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከሥር የታፈነው እርጥበት ደግሞ ሬንጁን ከጠጠሩ ያላቅቀዋል። ሰኔ ላይ የተመረቀው መንገድ ለጊፋታ ሲደርስ ጉድጓድ ያወጣል። ያኔም እንግዳ እንዳያየን ተብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ እንደተኛ አስፋልት ይጣልበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ያፈሰስነውን የማንለቅም መሆናችን ነው።

"መሐንዲሶቹ ይህን አያውቁም?" ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በደንብ ያውቃሉ። የአገራችን የመንገድ ሥራ ስታንዳርድ ራሱ በዝናብና በእርጥብ ወለል ላይ አስፋልት አይነጠፍም ይላል። የሚያስነጥፋቸው ሰኔ 30 ነው።

በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ክረምቱ ለዲዛይንና ለጨረታ የተመቸ ነበር። እሱ በስብሰባ ያልፋል። ጨረታው ይጓተታል፣ ይሰረዛል፣ ይደገማል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፤ እግዜር የሰጠን ደረቅ ወራት በፊርማ ጥበቃ ያልቃሉ። ውሉ ሲፈረም በልግ ይገባል፣ ወላይታ ደግሞ የበልግ አገር ነው። በመጨረሻ ሰኔ ይመጣና "በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን" ተብሎ ሩጫ ይጀመራል።

"ታዲያ በጀቱ ይመለስ?" ለምትሉ፦ በዓመቱ ለሚፈርስ መንገድ የተከፈለ ብር ቀረልን ትላላችሁ? ሄዷል እኮ! ተመላሽ የሆነ ብር ቢያንስ ካዝና ውስጥ ነው። ሬንጅ አገር ውስጥ አይመረትም፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ዋጋውን የሚከፍለውም ከገሱባና ከቦዲቲ ወላድ ይዞ ወደ ኦቶና የሚበር አምቡላንስ፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ የሚያልፍ ሾፌር፣ በየወሩ ጎማና ሾክ የሚቀይር የባጃጅ ልጅ ነው።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የክልል መቀመጫ ናት። ገና ብዙ መንገድ ይሠራባታል፤ ስለዚህ ጥያቄያችንን አሁን እናቅርብ፦

1. ዲዛይንና ጨረታ በክረምት ይለቅ፣ ንጣፍ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሁን። ጊዜው ካለፈ ብሩ ከነውሉ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገር።

2. ዝናብ እየጣለ የተነጠፈ አስፋልት ክፍያ አይፈጸምበት። አማካሪ መሐንዲሱ "አቁም" ሲል የሚያስቆመው ሥልጣን ይኑረው፤ በስልክ የሚሻር ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

3. በርክክብ ቀን ሦስት ነገር ለሕዝብ ይታይ፤ የንጣፉ ቀንና የአየሩ ሁኔታ፣ አስፋልቱ ሲፈስና ሲጠቀጠቅ የነበረው ሙቀት፣ ተቆፍሮ የወጣው ናሙና የጥቅጥቅነት ውጤት። ሪባን ከመቁረጥ በፊት ይሄ ይነበብ።

እኛም ዝም አንበል። በዝናብ ሲነጠፍ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ሰፈሩን ጻፉ። የጉድለት መጠገኛ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከፈረሰ በኮንትራክተሩ ወጪ ይጠገን ብሎ ለመከራከር ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሠራተኛውን ግን አትስደቡት። ዶፍ እየወረደበት አካፋ የያዘው ልጅ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ጥያቄው ላዘዘው ነው፦ በጥር የት ነበርክ?