በሬው ከመሸጡ በፊት

ባለፈው ሰሞን ወረታ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። «እየው እስቲ» አለኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ «ቫይታሚን ሲ ካንሰርን ይገድላል፤ ሐኪሞች ይደብቋችኋል» ይላል። አክስቴ የጡት ካንሰር ታማ ኬሞ ጀምራለች። ልጇ አንዱን በሬ ሸጦ ከውጭ የሚመጣ የቫይታሚን ክኒን ሊገዛላት አስቧል። «ኬሞው አደከማት» ብሎ የሚቀጥለውን ቀጠሮም ሊያስቀራት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን ፎገራ ላይ በሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከጥማዱ አንዱ ከተሸጠ የሩዙን ማሳ በምን ያርሳል? ስለዚህ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ሰውዬው የሚያወራው ከመሬት ተነስቶ አይደለም፤ አደገኛ ያደረገውም ይሄ ነው። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው ሊነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1976 ከሐኪሙ ኢዋን ካሜሮን ጋር ሆኖ በቀን 10 ግራም ቫይታሚን ሲ የተሰጣቸው የካንሰር ሕሙማን ረዘም ያለ ጊዜ ኖሩ ብሎ ጻፈ። ያነጻጸሯቸው ግን ከድሮ የሕክምና መዝገብ ከተገኙ ሰዎች ጋር ነበር። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሞከረው። በ1979 እና በ1985 የወጣው ውጤት አንድ ነው፦ በአፍ የተዋጠው ቫይታሚን አልጠቀመም።

ምክንያት አለው። አንጀት ከተወሰነ መጠን በላይ አይቀበልም፤ የተረፈውንም ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። በደም ሥር ሲሰጥ ግን ደም ውስጥ ያለው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ዛሬ ተመራማሪዎች ተስፋ የሚያደርጉት በዚህኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የቆሽት ካንሰር ባለባቸው 34 ሰዎች ላይ ያደረገውን ጥናት አወጣ። ኬሞ ብቻ የወሰዱት በአማካይ 8 ወር ገደማ፣ ከኬሞው ጋር በሳምንት ሦስቴ 75 ግራም በደም ሥር የተሰጣቸው ደግሞ 16 ወር ገደማ ኖሩ። ደስ ይላል፤ ግን 34 ሰው ጥቂት ነው። ቻይና ውስጥ ከ400 በላይ የአንጀት ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት አላገኘም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 75 ግራም ማለት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን 150 ፍሬ ነው። 150ውንም ብትውጡት በደም ሥር የሚገኘውን ያህል አይሆንም። ኩላሊቱ የታመመን ሰው ደግሞ ይጎዳል። ከሁሉም በላይ፣ አይዋ ላይ ቫይታሚኑ የተሰጠው ከኬሞ ጋር እንጂ በኬሞ ፋንታ አይደለም።

ኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዓመት ላይ የምንማረው ነገር አለ፦ የአንድ ነገር ዋጋ የከፈልከው ብር ብቻ ሳይሆን በእሱ ምክንያት ያጣኸውም ነው። የክኒኑ ዋጋ በሬው ብቻ አይደለም፤ የሚቀረው ኬሞም አለበት። በሬ በሌላ ዓመት ይገዛል፤ ካንሰሩ የተስፋፋበት ወር ግን አይመለስም።

እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በአፍ ነው በደም ሥር? ከሕክምናው ጋር ነው በሕክምናው ፋንታ? ስንት ሰው ላይ፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ? የቤተሰባችሁ ሰው ክኒኑን ከጀመረም ለሐኪሙ ይናገር።

ለአክስቴ ልጅ ይሄንኑ ነገርኩት። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ ማታ ታረቅን። በሬው አልተሸጠም። አክስቴን ለቀጠሮዋ ጎንደር የወሰድናት አብረን ነው፤ ብርቱካንም ይዘንላታል፣ ስለምትወደው።