«ወይ ሠርጋችን ወይ የአባትሽ ማዳበሪያ!» አለኝ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት በገንዘብ ያዥነት እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እንጅባራ አካባቢ ነው። አባዬ ሁለት ጥማድ መሬት አለው፤ ድንች፣ ገብስና ጤፍ እያፈራረቀ ያርሳል። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ግንቦት በመጣ ቁጥር የማዳበሪያውን ገንዘብ የምልክለት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ግን ጣጣ መጣ። እጮኛዬ ለሠርጋችን የምንቆጥበውን ብር አስልቶ፣ «ይሄ እኮ የመርዝ መግዣ ነው! አባትሽ ያለ ኬሚካል ቢያመርቱ ፈረንጅ በእጥፍ ይገዛቸዋል፤ በስልኬ አይቻለሁ» ይለኛል። አባዬ ደግሞ «ልጄ፣ ያለ ማዳበሪያ ያ መሬት ዘሩንም አይመልስ» ይላል። ታናሽ ወንድሜ ሁለቱንም አይሰማም፤ «ሁሉንም ዲከረንስ እንትከልበትና እንረፍ» ባይ ነው። ባለፈው እሁድ እጮኛዬ ወይ ሠርጋችን ወይ የአባትሽ ማዳበሪያ ብሎኝ ተነስቶ ሄደ። እወደዋለሁ። አባቴንስ በምን አፌ እምቢ ልበለው? እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እባክህ ምከረኝ።
ግራ የገባኝ፣ ከሜክሲኮ

እህታችን፣ የፍቅር ጉዳይ ብለሽ የጻፍሽልን የአፈር ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። ለዚህ ስንል ስለ እርሻ የሚያውቁ ሰዎችን ጠያይቀናል።

ከእጮኛሽ እንጀምር። «በእጥፍ ይገዛል» ያለው ከየት የመጣ ነው? ኦርጋኒክ ለሆነ ምርት ጭማሪ መከፈሉ እውነት ነው። በእኛ አገር ይህን በደንብ የሚያውቁት የቡና ገበሬዎች ናቸው። ፌርትሬድ የተባለው ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለታጠበ አረቢካ ቡና የወለል ዋጋውን በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሲያደርግ፣ ለኦርጋኒክ የጨመረው 40 ሳንቲም ነው። እጥፉ የታል? ለዚያውም ጭማሪው የሚገኘው ማኅበርና ዩኒየን፣ በየጊዜው የሚመጣ ተቆጣጣሪ፣ የምስክር ወረቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባሕር ማዶ የሚጠብቅ ገዢ ሲኖር ነው። ለአውሮፓ ገበያ ከሆነ መሬቱ ለዓመታዊ ሰብል ቢያንስ 2 ዓመት ያለ ኬሚካል መቆየት አለበት። አባትሽ ድንቻቸውን እንጅባራ ገበያ ሲያወርዱ «ኦርጋኒክ ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ነጋዴ አለ? የሚጠይቃቸው ስንት ኩንታል እንደሆነና ድንቹ ትልቅ ይሁን ትንሽ ነው።

«ዘሩ በላቦራቶሪ ያልተለወጠ ነው» በማለት የሚገኝ ትርፍም እንዲሁ ነው። ይህ ዋጋ የሚያወጣው እንደ አሜሪካ አብዛኛው በቆሎና አኩሪ አተር ዘረመሉ በተለወጠበት አገር ነው። የእንጅባራ ገብስ ድሮውንም ያልተለወጠ ነው፤ ሁሉም ባለው ነገር ማን ይጨምራል?

አባትሽስ? ልክ ናቸው፤ ግን ግማሹን ነው የተናገሩት። እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ዝናብ የማያጣው ደጋ ነው። ዝናቡ በዘመናት ብዛት ከአፈሩ ውስጥ ካልሲየሙንና መሰል ማዕድኖችን አጥቦ ይወስድና አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ዩሪያውም በበኩሉ ዓመት በዓመት ይጨምርበታል። ከአገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላዩ አሲዳማ ነው ይባላል፤ አዊ ከባሰባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ደግሞ በማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ይዞ ለሥሩ አይለቅም። አንቺ የምትልኪው ብር መሬት ውስጥ ይገባል፤ እህሉ ጋ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። ማዳበሪያ ደግሞ ገንዘብ ስላለሽ ብቻ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች አጥተው ባሕር ዳር ድረስ ወጥተው መጮሃቸውን ታስታውሻለሽ።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ችግሩ ብዛቱ! ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ይፈልጋል ቢባል (አንዳንዱ መሬት ከዚያም በላይ ይጠይቃል) ለአባትሽ ሁለት ጥማድ 15 ኩንታል መሆኑ ነው። ይህን በአህያ ማጓጓዝን አስቢው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ከዘሩ ጋር በመስመር እየጨመሩ በየዓመቱ መድገምም ይቻላል። መጀመሪያ ግን አፈሩ ይመርመር። ከማሳው ከተለያየ ቦታ ተዝቆ ተቀላቅሎ ለልማት ጣቢያው ሠራተኛ ይሰጥ።

ወንድምሽን ሞኝ አትበይው። ጎረቤታችሁ ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው እህል አልሰጥ ያለውን መሬት ዲከረንስ ተክሎበት ተለውጧል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በ4 እና በ5 ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። አንቺ ሜክሲኮ ቡና የምታፈይበት ከሰል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዛፉ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል፤ የከሰሉ አመድም አሲዱን ያበርዳል፤ ቀጥሎ የሚዘራው ጤፍ ያምራል። እንጨት የጠገበ ቤት ኩበት አያነድም፤ ፍጉ ማሳ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ዛፉን ዋግ መትቶት ስንቱ ተስፋ ያደረገበት ደን ደርቋል። ሁለቱንም ጥማድ ለአንድ ዛፍ መስጠት ቁማር ነው። 5 ዓመትስ ምን ይበላል?

አንድ ነገር ሦስታችሁም መርሳታችሁ ገርሞናል፤ ግብጦ! በአዊ ምድር ተወልደሽ ግብጦ ሳትቆረጥሚ አላደግሽም፤ አረቄውንም ጎረቤት ሲያወጣ አይተሻል። ይህ የድሃ እህል እየተባለ የሚናቀው ሰብል አሲዳማውን አፈር ይችላል፣ ማዳበሪያ አይለምንም፣ ሥሩ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል፣ ለሚቀጥለው ገብስ ናይትሮጅን ይተዋል። የደከመው ጥግ ላይ ይዘራ።

«መርዝ» የሚለው ቃል የሚገባው ለሌላው ነው። ወንድምሽ የአረም መድኃኒት ሲረጭ አፍንጫውን በምን ይሸፍናል? ጓንትስ አለው? የማይመች ነገር እንንገርሽ። ያን ጤፍ ድሮ የምታርሚው አንቺና እህቶችሽ ነበራችሁ። እናንተ ከተማ ገባችሁ፤ በእናንተ እጅ ፈንታ ጠርሙስ ገባ። ስለዚህ ገንዘቡን በሙሉ መከልከል አይሆንም።

እንደኛ ከሆነ ዘንድሮም ላኪ፤ ማዳበሪያውን ግን ቀነስ አድርጊና የቀረውን ለአፈር ምርመራና ለኖራ አድርጊው። ከዳሩ ላይ ጥቂት ዲከረንስ ለወንድምሽ ይፈቀድለት። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛም ከአዲስ አበባ ገዝተሽ ላኪለት። ይህን ስትነግሪያቸው «ከተሜ ሆና ልታስተምረኝ መጣች» እንዳይሉ በጥያቄ ጀምሪ፤ የትኛው ጥግ ነው ማዳበሪያ እየበላ የማይሰጠው? በያቸው። መሬቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እጮኛሽን ደግሞ «ወይ ይሄ ወይ ያ» ያለሽ ከልቡ ነው ወይስ የሠርጉ ወጪ አስጨንቆት? ይህን ለብቻው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። የድግሱን ሰው ብትቀንሱት ለ15 ኩንታል ኖራ የሚሆን ብር ሳይገኝ አይቀርም። እምቢ ካለ ግን መንገዱ ደህና በሆነበት ጊዜ ይዘሽው ውረጂ፤ ለሽምግልና ሳይሆን አንድ ቀን ሞፈር እንዲይዝ። ከተመለሳችሁ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልን።